የዋይፋይ አዳፕተር፦ ዴስክቶፕን ከሞገድ የሚያገናኘው ዕቃ

ላፕቶፕና ስልክ ከፋብሪካ ሲወጡ የዋይፋይ መቀበያቸው በውስጣቸው ነው። ብዙ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ ቢሮ አገልግለው ለሽያጭ የቀረቡት፣ ያላቸው ግን የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ብቻ ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ ኮምፒውተሩ መኝታ ቤት በሆነበት ቤት ግድግዳ በስቶ ገመድ ከመዘርጋት የሚገላግለው በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ አዳፕተር ነው። «ዋይፋዩ እምቢ አለኝ» የሚያሰኘው ችግር ብዙውን ጊዜ የሚፈታው ዕቃውን በመቀየር አይደለም፤ ግንኙነቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቋረጠ በመለየት ነው። ለዚህ ደግሞ አሠራሩን ማወቅ ይበቃል።

አዳፕተሩ የሬዲዮ ማሠራጫም መቀበያም ነው። ኮምፒውተሩ የሚልከውን መረጃ ወደ ሞገድ ለውጦ በአንቴናው ይለቃል፤ ከራውተሩ የመጣውን ሞገድ ደግሞ መልሶ ወደ መረጃ ይቀይራል። ሥራውን የሚያከናውነው ውስጡ ያለው ቺፕ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣም ማክ አድራሻ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ይሰጠዋል።

መረጃን በሬዲዮ የማስተላለፍ ሐሳብ የቆየ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በኖርማን አብራምሰን መሪነት፣ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን ከማዕከላዊ ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ የሚያገናኘውን አሎሃኔት ሥራ ላይ አዋለ። በ1985 የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን የተወሰኑ የሞገድ ክልሎችን ያለ ፈቃድ ለመገናኛ መጠቀም እንዲቻል በር ከፈተ። በ1997 የወጣው 802.11 የተባለው ስታንዳርድ በሴኮንድ ቢበዛ 2 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር፤ በ1999 ወደ 11 አደገ፤ በ2009 የጸደቀው 802.11ኤን ደግሞ እስከ 600 እንዲደርስ ታስቦ ተሠራ።

አዲሶቹ አዳፕተሮች ከአሮጌ ራውተሮች ጋር ይግባባሉ፤ ነገር ግን ፈጣንና ዘገምተኛ መንገደኛ አብረው ሲሄዱ እርምጃውን የሚወስነው ዘገምተኛው ነው። ራውተሩ አሮጌ ከሆነ ውድ አዳፕተር መግዛት ፍጥነት አይጨምርም።

የሞገዱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ግን ተጨናንቋል። የጎረቤት ራውተር፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀሩ እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። በዚህ ክልል እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ስለዚህ በተጨናነቀ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ራውተሩን ከነዚህ ሰው ወዳልበዛበት መቀየር ይጠቅማል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ስልኩ የሚያየውን ኔትወርክ ኮምፒውተሩ ካላየው አንዱ ምክንያት አዳፕተሩ 2.4 ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው።

አብዛኛውን ሰው የሚያስቸግረው ድራይቨሩ ነው። ይህ ዊንዶውስ ቺፑን እንዲያዝ የሚያስችለው ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ አዳፕተሮችን ራሳቸው ያውቃሉ፤ የማያውቁትን ከኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ኢንተርኔት ለማግኘት ግን አዳፕተሩ መሥራት አለበት! መውጫው እጃችን ላይ ያለው ስልክ ነው፦ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴተሪንግን ማብራት። የስልኩ ዳታ ድራይቨሩን ለማውረድ ይበቃል። ሲያወርዱም ከአምራቹ ገጽ ይሁን፤ «ድራይቨር እንፈልግልዎ» የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞች ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አዳፕተሮች ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖር ስለሚችል፣ ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን የቨርዥን ቁጥር ማየት አይዘንጋ።

ችግር ሲፈጠር ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይሂድ። መጀመሪያ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት ነው። አዳፕተሩ ጭራሽ ካልታየ ሌላ መሰኪያ ይሞከር፤ ቢጫ ምልክት ካለበት ጉዳዩ የድራይቨር ነው። ቀጥሎ የኔትወርኮቹ ዝርዝር ይታይ። ባዶ ከሆነ ወይም ሲግናሉ ከደከመ አዳፕተሩ ያለበት ቦታ ይመርመር። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰካ አዳፕተር የብረቱ ሳጥን ይጋርደዋል፤ አጠገቡ የተሰካ የዩኤስቢ 3 ዕቃም የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ይረብሻል። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ሁለቱንም ያቃልላል።

ኔትወርኩ ተገናኝቶ ኢንተርኔት ከሌለ በኮማንድ ፕሮምፕት አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ነው። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከመጣ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አድራሻው እንደ 192.168 ያለ ከሆነና ሌሎቹም መሣሪያዎች ኢንተርኔት ካጡ፣ አዳፕተሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ግንኙነቱ ደህና ሆኖ ድረ ገጾች «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ከከለከሉ ቀኑን ይመልከቱ። በአሮጌ ዴስክቶፖች የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የድረ ገጾቹ የደህንነት ማረጋገጫም በተሳሳተ ቀን አይሠራም። ክብ ባትሪዋን መቀየርና ቀኑን ማስተካከል ይበቃል። ግንኙነቱ በየመሃሉ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ በአዳፕተሩ ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደው ምልክት ይነሣ።

የይለፍ ቃል አጠባበቅም የማዋቀሩ አካል ነው። ደብሊውኢፒ የተባለው የመጀመሪያው መከላከያ ከ2001 ጀምሮ መሰበሩ ታውቋል፤ ፈጽሞ አይመረጥ። ደብሊውፒኤ2 በ2004፣ ደብሊውፒኤ3 በ2018 መጥተዋል። አሮጌ አዳፕተር አዲሱን የማያውቅ ከሆነ ራውተሩን ሁለቱን በሚቀበለው ቅንብር ላይ ማድረግ ይሻላል፤ አንድ ኮምፒውተር እንዲገባ ብሎ የቤቱን መከላከያ ማውረድ ግን ሁሉንም መሣሪያ ያጋልጣል።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሁለቱንም ሞገድ ይይዛል ወይ? ስታንዳርዱ ከራውተሬ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ለእኔ ዊንዶውስ ድራይቨር አለው ወይ? ከሠራ በኋላ ደግሞ ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት በሚደረግበት ቀን መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።