የመጠጥ ንግድ ፈቃድ፤ የነጋዴው እንጀራና የነዋሪው እንቅልፍ

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ምድር ቤት ከሚከፈቱ የንግድ ቤቶች መካከል ግሮሰሪዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ቤቱን የተረከበው ነጋዴ በብድርም ሆነ በቁጠባ ያገኘውን ገንዘብ አፍስሶ፣ ማቀዝቀዣና ወንበር ገዝቶ፣ አስተናጋጅ ቀጥሮ ሥራ ይጀምራል። ከእሱ በላይ ባሉት ፎቆች ደግሞ ማለዳ ተነስቶ ሥራ የሚገባ ሠራተኛ፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪና አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ይኖራሉ። ነጋዴው ሠርቶ የመኖር፣ ነዋሪውም በሰላም የማደር መብት አላቸው። ሁለቱን መብቶች ለማጣጣም መንግሥት በእጁ ካሉት መሣሪያዎች ቀዳሚው የፈቃድ አሰጣጥና ቁጥጥር ሥርዓት ነው።

በአገራችን የመጠጥ ንግድን የሚመለከተው አንድ ሕግ ብቻ አይደለም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንኛውም ሰው የፀና ፈቃድ ሳይኖረው የንግድ ሥራ መሥራት እንደማይችል ይደነግጋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ መጠን በደረጃ እንዲወሰን መሠረት ጥሏል። በመሆኑም ለአንድ ግሮሰሪ የንግድ፣ የምግብና መድኃኒት እንዲሁም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው።

ችግሩ የሚጀምረው እነዚህ አካላት አንዱን ቤት በየፊናቸው ሲመለከቱት ነው። ለአብነት ያህል የድምፅ ደረጃውን መጥቀስ ይቻላል። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን ለንግድ አካባቢ ግን 65 እና 55 ነው። ሌሊት ተብሎ የሚቆጠረውም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ታዲያ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ በየትኛው ይመደባል? የ10 ዴሲቤል ልዩነት ለሰው ጆሮ ድምፁ በእጥፍ ያህል እንደጨመረ ሆኖ ይሰማል። ይህ ጥያቄ ፈቃድ ሲሰጥ ምላሽ ካላገኘ ሌሊት በጎረቤታሞች መካከል በጠብ መነሳቱ አይቀርም።

የነጋዴው ሥጋትም በቸልታ የሚታይ አይደለም። ሲከፍት ያልተነገረው ግዴታ ከዓመት በኋላ በዘመቻ ቤቱን የሚያሳሽግ ምክንያት ሲሆን ኪራይና ብድሩ መቁጠራቸውን አያቆሙም፤ የሠራተኞቹም ደመወዝ ይቋረጣል። ከዚህ ባልተናነሰ የሚጎዳው ሕግ አክባሪው ነው። መታወቂያ ጠይቆ ወጣቱን የሚመልስ ነጋዴ፣ አጠገቡ ያለው ሳይጠይቅ የሚሸጥ ከሆነ ገበያውን ይነጠቃል። ቁጥጥሩ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ሕጉ ያከበረውን ቀጥቶ የጣሰውን ይሸልማል ማለት ነው።

ጠላ፣ ጠጅና አረቄ በቤታቸው አዘጋጅተው የሚሸጡ ወገኖችም ሊዘነጉ አይገባም። አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትም በዚሁ ገቢ ነው። ለትልቅ መጠጥ ቤት የተዘጋጀውን መሥፈርት እንዳለ መጫን ከሥራ ሊያስወጣቸው ይችላል። ፈጽሞ አለማየቱም ቢሆን የአልኮል መጠኑ ያልተለካ አረቄ ያለተቆጣጣሪ እንዲሸጥ መፍቀድ ይሆናል። ስለዚህ የአቅም ልዩነትን ያገናዘበ አሠራር አስፈላጊ ነው።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝና የዌልስ ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በኅዳር 2005 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የመጠጥ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ከፍርድ ቤቶች ወደ አካባቢ ምክር ቤቶች አዛውሯል። ውሳኔው የሚመዘነውም በአራት ዓላማዎች ነው፤ እነሱም ወንጀልንና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ነዋሪን የሚያውክ ተግባርን መከላከል እና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ ናቸው። አመልካቹ በቤቱ ላይ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ወረቀት ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ነዋሪዎችም በ28 ቀናት ውስጥ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ። ተገቢ ተቃውሞ ከሌለ ምክር ቤቱ ፈቃዱን የመስጠት ግዴታ አለበት። ተቃውሞ ከቀረበ ግራ ቀኙ ይሰማሉ። ተፎካካሪ እንዳይመጣበት የሚሻ ነጋዴ የሚያቀርበው ምክንያት ከአራቱ ዓላማዎች ጋር ስለማይገናኝ ተቀባይነት የለውም።

የአሠራሩ ዋና ጥንካሬ በመፍቀድና በመከልከል መካከል ሰፊ ሥፍራ መኖሩ ነው። ሙዚቃ የሚቆምበትን ሰዓት መወሰን ወይም መስኮት እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። ቤቱ ሥራ ከጀመረ በኋላም ነዋሪው ፈቃዱ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላል፤ ምክር ቤቱም ግዴታዎቹን ሊያሻሽል፣ ፈቃዱን እስከ ሦስት ወር ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ቅር የተሰኘ ወገን በ21 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ይህ ማለት ግን ሥርዓቱ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም፤ የተቃዋሚው ስም በአብዛኛው ለአመልካቹ ስለሚገለጽ ጎረቤቱን ማስቀየም የሚፈራ ሰው ዝም ማለትን ሊመርጥ ይችላል።

በእኛ ዘንድ የጎረቤት ቅሬታ በብዛት የሚደመጠው ገንዘቡ ከፈሰሰ፣ ሠራተኛው ከተቀጠረ በኋላ ነው። ይህን ለመለወጥ የግድ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋሙ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የነዋሪውን አስተያየት አስቀድሞ ለመስማት ምቹ መድረክ ናቸው። ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ቤቱን በጋራ ተመልክተው ነጋዴው የሚጠበቅበትን ግዴታ ከመክፈቱ በፊት በጽሑፍ ሊሰጡት ይችላሉ። ጥፋት ሲገኝም ከማስጠንቀቂያ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ ምክንያቱም በግልጽ የሚጻፍ እርምጃ ሊወስዱ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ነጋዴው ነገ ይታሸግብኛል ከሚል ሥጋት፣ ነዋሪውም ከሌሊት ጩኸት እፎይ ይላሉ።