በጋይንት ዳገት ሞተር ለምን ይደክማል? በጥቂት ገንዘብስ እንዴት ይበረታል?

ከወረታ ተነሥተው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የሚጓዙ ከሆነና ከሹፌሩ አጠገብ መቀመጫ ካገኙ፥ ዐይንዎን ከመስኮቱ መለስ አድርገው የሹፌሩን ቀኝ እጅ ይመልከቱ። በሜዳው ላይ በአራተኛ ማርሽ ሲገሠግሥ የነበረው መኪና የጉናን ትከሻ ሲይዝ ወደ ሦስተኛ፥ ጥቂት ቆይቶም ወደ ሁለተኛ ይወርዳል። ድምፁ ይጎረንናል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ተሳፋሪው «መኪናው አርጅቷል» ይላል፤ ረዳቱ «ጭነቱ በዝቶ ነው» ይላል። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን በዐይን የማይታይ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም የአየሩ መሳሳት ነው።

ይህ አገር ጉልበትን መፈተን የጀመረው በመኪና ዘመን አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነበር። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ብረት ያንቀሳቀሰው የሰው ክንድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መንገዱን እያስጠረጉ፥ ገደሉን እያስደለደሉ፥ ጕዞው ወራት ወሰደ። ዛሬ አንድ የጭነት መኪና ያንኑ ክብደት ተሸክሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨጨሆን ያልፋል። ሆኖም ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ይደክማል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 0.9 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ነፋስ መውጫ የምትገኘው በዚሁ ከፍታ አካባቢ ነው። ነዳጅ ያለ አየር አይነድምና፥ በጂቡቲ ወደብ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፥ አየር የሚጨምር ተርቦ ከሌለው፥ እዚህ ሲደርስ ከ75 አይበልጥም። ሩብ ጉልበቱን በመንገድ ላይ ጥሎት መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ እርስዎ ደመወዝዎን ቆጥበው፥ ከወንድምዎ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንድ አሮጌ መኪና ሊገዙ አስበዋል እንበል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ ሞተር ጠብቆ ማኖር የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ታዲያ አንዱ መጥቶ «ይህን ያህል ብር ስጠኝና ጉልበቱን እጥፍ ላድርግልህ» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? መልሱን ከመስጠትዎ በፊት፥ ጉልበት በዓለም ዙሪያ እንዴት እንደሚፈለግ አንድ ምሳሌ እንመልከት።

ፌሊክስ ቫንክል የተባለ ጀርመናዊ ፒስተን የሌለበት ሞተር ዐሰበ። በእርሱ ሞተር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነገር የለም፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት በሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ። የመጀመሪያው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1957 ሠራ። የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ በተባለ መኪናው ላይ አውሎ ለገበያ አቀረበው። ሞተሩ ትንሽና ቀላል ሆኖ ብዙ ጉልበት ስለሚሰጥ፥ በውጭ አገር ገንዘባቸው ትንሽ ፍላጎታቸው ትልቅ የሆነ ወጣቶች አሮጌ ማዝዳ እየገዙ ያበረቱታል። የሚያደርጉት ምንድን ነው? አየር የሚገባበትን በር ያሰፋሉ፤ ጭስ የሚወጣበትን ቧንቧ ያቀልላሉ፤ ገንዘብ የተረፈው ተርቦ ይጨምራል። ሁሉም ስለ ትንፋሽ ነው!

ነገር ግን ከእነርሱ መካከል አስተዋዩ ሰው በመጀመሪያ የሚገዛው ተርቦ አይደለም፤ የሞተሩን እመቃ ያስለካል። በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ግፊት እንዳያመልጥ የሚዘጉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። እነዚህ ዘይት ቢያንሳቸው ያልቃሉ፤ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ያንኳኳና ይሰበራሉ። የደከመውን ሞተር አበረታለሁ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሞተሩንም ገንዘቡንም ያጣል። በአንጻሩ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 የለማንን የ24 ሰዓት እሽቅድድም ያሸነፈው ያለ ተርቦ፥ አራት ተሽከርካሪ ባለው ሞተር ነበር። ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሰበር መሮጥ የቻለ ጤነኛ ሞተር አሸናፊ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ትምህርት ለጋይንት ዳገት ይሠራል። ሞተርዎ ፒስተን ያለው ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው፤ አዲስ ጉልበት ከመግዛት በፊት የጠፋውን መመለስ። ቅደም ተከተሉም ከርካሹ ወደ ውዱ ነው።

አንደኛ፥ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ። በበጋ በጠጠር መንገድ ላይ አቧራው የፊልትሮውን ቀዳዳ ይደፍናል። በሳሳ አየር ላይ የተደፈነ ፊልትሮ ሲጨመር፥ ጕንፋን በያዘው ሰው ላይ አፉን በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው። ማርሚታውም በጥቀርሻ ወይም በግጭት ጠብቦ እንደ ሆነ ይመርመር።

ሁለተኛ፥ እመቃውን ያስለኩ። ፋሻው ካለቀ ወይም ቫልቩ ካልዘጋ፥ ሌላ ወጪ ሁሉ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ሦስተኛ፥ ካርቡራቶር ያለው የቤንዚን ሞተር ከሆነ፥ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላውን ቢያወጡት ጥላሸት ለብሶ ያገኙታል። ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቀዳዳ አንድ ቁጥር በምታንስ ቢለውጧት ሞተሩ ይነቃል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። ብልኅ መካኒክ የእሳቱንም ጊዜ በጥቂቱ ያስቀድመዋል። ኮምፒዩተር ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ግን ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉና አይነካኩ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ስማዳ ሁሉ ደጋ አይደለም፤ ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርዱ አየሩ ወፍራም፥ ሙቀቱም ብርቱ ይሆናል። ለነፋስ መውጫ የተስተካከለ ሞተር በዚያ ቆላ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ያንኳኳል፥ ይግላል፥ ቫልቩም ይቃጠላል። ስለዚህ አሮጌዋን ናስ አይጣሏት! በወረቀት ጠቅልለው ከመፍቻው ጋር ያኑሯት፤ የሚውሉት ቆላ ከሆነ መልሰው ያግቧት።

አራተኛ፥ የናፍጣ ሞተር ያለው ሰው «ፖምፓውን ከፍ አድርግልኝ» እንዳይል። ጥቁር ጭስ ማለት አየር አጥቶ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው። በዚያ ላይ ናፍጣ መጨመር ኪስን ባዶ ከማድረግና ሞተርን ከማጋል በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አምስተኛ፥ የራዲያተሩን ክዳን አይናቁ። በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ይህን ከፍ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን ውኃውን በዳገቱ መካከል ያስፈላዋል። በርካሽ ክዳን ምክንያት የተጣመመ ቴስታታ ስንቱን አክስሯል!

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉልበት ካነሰና ገንዘብ ከተረፈ ስለ ተርቦ ማሰብ ይቻላል። የሚወጣው ጭስ መዘውር እያዞረ አየርን ወደ ሞተሩ በግድ እንዲያስገባ ያሰበው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዝግቧል። ለደጋ አገር ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ንጹሕ ዘይት፥ ጤነኛ ፋሻና የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። አሮጌ ሞተር ላይ የተለጠፈ አሮጌ ተርቦ ሁለት ሕመምተኛ በአንድ አልጋ ነው።

በመጨረሻ፥ ውድ አንባቢ፥ የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ከጉና በኩል ሲወርዱ የሚያድንዎ የፈረስ ጉልበት አይደለም፤ ፍሬን ነው። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ የሚለው የሹፌሮች ምክር እውነት ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛልና ፍሬኑ አይግልም። ለሞተር ካሰቡት ገንዘብ አስቀድመው ለፍሬንና ለጎማ ይቀንሱ። መኪናው የሚጭነው እህልና ሳጥን ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጆች አሉበት።

«ጉልበቱን እጥፍ ላድርግልህ» ላለው ሰው መልስዎ እንግዲህ ይህ ይሁን፤ «አስቀድመህ የጠፋውን ሩብ መልስልኝ፤ የቀረውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን።» የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በዳገት ላይ የፈሰሰ ዘይት ግን ተመልሶ አይለቀምም።