ስለ ራሳቸው መናገር ለማይችሉት የተሰጠ ምጽዋት፤ ሒሳቡ እንዴት ይጠየቃል?

ማለዳ ከእንጦጦ ማርያምና ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ከሚመለሱት ምእመናን መካከል የልጃቸውን እጅ አጥብቀው ይዘው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች አይታጡም። ልጁ ዐሥር ዓመት ሞልቶት ይሆናል፤ ነገር ግን አይናገርም፤ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። እናቱ የዕለቱን ጸሎት አድርሳለች። ከዚህ በኋላ ያለው ቀን ግን ረጅም ነው። ሥራ ብትሄድ ልጁን ማን ይጠብቅላታል? ትምህርት ቤትስ ማን ይቀበላታል? በእንጦጦ ኮረብታዎች ሥር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ የካ ሚካኤልና ኮተቤ ባሉት መንደሮች፣ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚያድሩ ቤቶች ብዙ ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን ስም ማጥራት ይገባል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም የምንላቸው ከአእምሮ ሕመም የተለዩ ናቸው። የአእምሮ ሕመም በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣና በሕክምና ሊሻል ይችላል። የዕድገት ውስንነት ግን ከመወለድ በፊት ወይም በሕፃንነት የሚጀምርና ከሰውየው ጋር የሚኖር በመሆኑ፣ ዋና መድኃኒቱ ትዕግሥት ያለው ትምህርትና ድጋፍ ነው። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከመቶ 40 የሚሆኑት የልጃቸውን ሁኔታ ከመንፈስ ጋር፣ ከመቶ 27 የሚሆኑት ደግሞ ከኃጢአት ጋር አያይዘውታል። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በተመለከተ ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁትን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰ (ዮሐ. 9፥1-3) ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ ቁጥር የስብከታችን ጉድለት ምልክት ነው። እነዚያው አሳዳጊዎች ምን እንደጎደላቸው ሲጠየቁ፣ ከአራቱ ሦስቱ የመለሱት አንድ ነገር ነው፤ ለልጄ ትምህርት።

ጸበልና ድጋፍ ሰጪ ተቋም እንደ ተቀናቃኝ ሊታዩ አይገባም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጠየቁ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደሆኑና እንደማይጋጩ ተናግረዋል። በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቅ ልጅም ከሰዓት በኋላ ልብሱን መልበስ የሚያስተምረው ሰው ቢያገኝ እምነቱ አይጎድልበትም።

ይህን ትምህርት በሀገራችን በተቋም ደረጃ የጀመሩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏቸው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ በጥቂት ልጆች ከፈቱ። ወ/ሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ከእርሳቸው በኋላ ሌሎች ወላጆችና በጎ አድራጊዎች ተመሳሳይ ማዕከላትን አቋቁመዋል።

እንዲህ ያለ ማዕከል የሚሰጠው አገልግሎት ከውጭ ለሚያይ ሰው ትንሽ ይመስላል። አንድ ልጅ ማንኪያ ይዞ መብላት፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ውኃ ሲጠማው በሥዕል ካርድ ማመልከት እንዲችል ለወራት አንድ ነገር ይደጋገምለታል። ጡንቻው ለታሰረበት የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፣ ቃል ለጠፋበት የንግግር ልምምድ፣ ካደገ በኋላም የእጅ ሙያ ያስፈልገዋል። ለወላጆች የሚሰጠው ሥልጠና ከሁሉ ይበልጣል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ ልጁ በማዕከሉ የሚያሳልፈው የቀኑን ጥቂት ሰዓት ነውና። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሰው ነው። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ተቋም ትልቁ ወጪ የመምህርና የሞግዚት ደመወዝ ነው። ብዙ ምእመናን ግን «የእኔ ገንዘብ ለዳቦ እንጂ ለደመወዝ አይዋል» ይላሉ። ቅን አሳብ ነው፤ ነገር ግን መምህር የሌለው ማዕከል ልጆች የሚቀመጡበት ግቢ ብቻ ይሆናል።

ወደ ተጠያቂነት ስንመጣ፣ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ያሰባሰበውን ገንዘብ እንዴት እንደያዘ ማየት ይበቃል። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 8 መጀመሪያ የመቄዶንያ ምእመናን ከድህነታቸው እንዴት አብዝተው እንደሰጡ ያወሳል፤ በአዲስ አበባ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዳው ታዋቂ ማዕከልም የዚያችን ሀገር ስም ይዟል። ሐዋርያው ግን በልግስናው ምስጋና አላበቃም። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ገንዘቡን ብቻውን እንደማይዘው፣ ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም እንደሚልክ ይገልጻል። ምክንያቱንም ሲናገር፣ ማንም እንዳይነቅፋቸውና በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነገሩ የቀና እንዲሆን ነው ይላል (2ቆሮ. 8፥18-21)። ሐዋርያ የሆነ ሰው «እመኑኝ» ብሎ ካላለፈ፣ ማን ሊያልፍ ይችላል? በቂሣርያ ለድውያንና ለእንግዶች ታላቅ መጠለያ የሠራው ቅዱስ ባስልዮስም ሲከሰስ ዝም አላለም፤ ለገዥው ለኤልያስ ደብዳቤ ጽፎ ስለ ሥራው አስረድቷል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ ያስቀመጠው የአጥቢያው ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን ጭምር ነው። ገንዘብ በሞዴል 64፣ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ እንደሚሆን ማንኛውም የአጥቢያ ሒሳብ ሹም ያውቃል። ለማዕከል ጆንያ ጤፍ ስናወርድ ደረሰኝ መጠየቅ የሚያሳፍረን ለምንድን ነው?

የሀገሪቱም ሕግ ይህንኑ ያዝዛል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን ራሳቸውን የሚመለከት ባይሆንም፣ ለሌሎች ጥቅም የተቋቋሙ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተመዝግበው ዓመታዊ የሥራና በኦዲተር የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት ለባለሥልጣኑ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። የአስተዳደር ወጪያቸውም ከጠቅላላ ገቢያቸው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይወስናል። ስለዚህ አንድ ምእመን የምዝገባ ምስክር ወረቀትና ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት ለማየት ሲጠይቅ የማዕከሉን ምሥጢር መበርበሩ አይደለም።

የሒሳብ መዝገብ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ገንዘብ ቢጠፋ ሰጪው ይጮኻል። ቃል የሌለው ልጅ ቢመታ፣ ቢራብ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ቢታሰር ማታ ለእናቱ ምን ብሎ ይነግራታል? ቁጥሩ የተስተካከለ፣ ልጁ ግን የተጎዳበት ቤት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ማዕከል ስንጎበኝ ከኦዲቱ ቀጥሎ የምንጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ የተጻፈ ዕቅድና በየጊዜው የሚሞላ ማኅደር አለ ወይ? ልጅን ብቻውን ይዞ በር የሚዘጋ ሰው አለ ወይስ ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ያገለግላሉ? እናት ሳታስታውቅ በማንኛውም ሰዓት መግባት ትችላለች? ቅሬታ ቢኖራት ከመሥራቹ ሌላ የሚሰማት ሰው አለ? ቦርዱስ የመሥራቹ ዘመዶች ብቻ የተሰበሰቡበት ነው ወይስ ወላጆችም አሉበት? እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ የሚመልስ ማዕከል ብዙ ጊዜ ጥሩ ማዕከል ነው። የሚቆጣ ካለ ግን ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

እኛም የምንጠየቅበት አለ። በበዓል ቀን፣ በዝክርና በልደት፣ ማኅበራችን ድስቱን ይዞ ወደ ማዕከላት ይጎርፋል፤ በዚያ ቀን አምስት ምሳ ይመጣል፣ በማግስቱ አንድም የለም። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ደግሞ ድንገት የሚሞላ ግቢ፣ ከበሮና ጭብጨባ የዕለት ሥርዓቱን የሚያፈርስ መከራ ሊሆንበት ይችላል። በደግነት የገባነው እኛ ከወጣን በኋላ ልጁን ለማረጋጋት ሞግዚቷ ሰዓታት ይፈጅባታል። ከዚህም የሚከፋው ፎቶግራፉ ነው። ምራቁ የሚዝረበረብ ልጅ፣ ልብሱ የተገለጠ ልጅ፣ ስሙና ፊቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ለልመና ሲወጣ ፈቃዱን ማን ጠየቀው? ወላጅ ፈቀደች ቢባል እንኳ፣ ልጇን እንዳያባርሩባት የፈራች እናት ፈቃድ ፈቃድ ሊባል ያስቸግራል።

የሚሻለው መንገድ ደግሞ ከባድ አይደለም። ማኅበሩ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ የትኛው ቀን ባዶ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ሁለት ሦስት ሰው ይላክ፤ የበዓሉን ድስት ወጪ ለዐሥራ ሁለት ወር ከፍሎ ለአንዲት ሞግዚት ደመወዝ ድጋፍ ያድርግ፤ በዓመቱ መጨረሻም ሪፖርቱን በማኅበሩ ጽዋ ላይ ያንብብ። በየካና በእንጦጦ ዙሪያ ያሉ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ የሒሳብ ሙያተኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ጡረታ የወጡ ነርሶች አሏቸው። ከእነርሱ አንዱ በአቅራቢያው ባለ ማዕከል ቦርድ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ሌላው በወር አንድ ቀን ማኅደሮቹን ቢያይ፣ ከኮረብታው ልጇን ይዛ የምትወርደው እናት ጠዋት በማዕከሉ በር ላይ ስትለየው ውስጥ የምታውቀው የአጥቢያዋ ሰው ይኖራታል።