የማን እግር ይታሰር?

አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ቆሟል። ወርዋሪው ኳሷን ጓንቱ ውስጥ ሸሽጎ በግራ ትከሻው በኩል ያየዋል። ሯጩ አንድ እርምጃ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ፈቀቅ ይላል፤ አሁንም አንድ ይጨምራል። ቤዝቦልን የማያውቅ ተመልካች «ጨዋታው ቆመ እንዴ?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። የሚያውቀው ግን ዓይኑን ከወርዋሪው እግር አይነቅልም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ 4 ማረፊያዎች አሉ፤ መቺው የሚቆምበት ሆም ፕሌት፣ ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ። ሦስቱን ረግጦ ወደ ሆም ፕሌት የተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። መንገድ ላይ ያለ ሯጭ ጓደኛው እስኪመታለት መጠበቅ ይችላል፤ ትዕግሥት ካጣ ደግሞ ወርዋሪው ሲወረውር ጠብቆ ወደሚቀጥለው ቤዝ መፈትለክ መብቱ ነው። ይህን መስረቅ ይሉታል። ቤዝ ሳይረግጥ ኳስ በያዘ ጓንት ከተነካ ግን ከሜዳ ይወጣል።

ሂሳቡ በሰከንድ ሽርፍራፊ ነው። ከቤዝ ቤዝ 27.43 ሜትር ነው። ሯጩ አስቀድሞ ሦስት አራት ሜትር ስለሚርቅ፣ ፈጣን ከሆነ የቀረውን በ3.3 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። በወዲያ በኩል ወርዋሪው መንቀሳቀስ ከጀመረ ኳሷ 18.44 ሜትር ተጉዛ ከመቺው ጀርባ ያለው ቀላቢ ጓንት እስክትገባ 1.3 ሰከንድ ያህል፣ ቀላቢው ሁለተኛ ቤዝ እስኪያደርሳት ደግሞ 2 ሰከንድ ያህል ትወስዳለች። ሲደመር ያው 3.3 ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሯጩን የሚያተርፈው ወርዋሪው መቼ እንደሚንቀሳቀስ ማወቁ ነው።

ታዲያ ወርዋሪው ቢያታልለውስ? ልወረውር ነው ብሎ ጀምሮ ቢተወው ሯጩ መንገድ ላይ ይቀራል። ሕጉ የገባው ይህን ለመከልከል ነው። ወርዋሪው በሚቆምበት ጉብታ አናት ላይ በተተከለችው፣ 61 ሳንቲ ሜትር በምትረዝመው ነጭ የጎማ ሰሌዳ ላይ እግሩን እስካሳረፈ ድረስ የጀመረውን ውርወራ መጨረስ ግዴታው ነው። ወደ አንደኛ ቤዝ መወርወር ካሻው በቀጥታ ወደዚያው መራመድ አለበት፤ ከተራመደም ማስመሰል የለም፣ ይወረውራል። ለመቺው ከመወርወሩ በፊት እጆቹን ገጥሞ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ኳሷ ከእጁ አምልጣ ብትወድቅ እንኳ ጥፋት ነው። ከነዚህ አንዱን ሲያጓድል ዳኛው «ባልክ!» ይላል፤ ሜዳ ላይ ያለ ሯጭ ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ በነጻ ያልፋል። ሦስተኛው ላይ የነበረ ካለ ነጥብ ይሆናል። ወርዋሪው ነጻ የሚወጣው የኋላ እግሩን ከሰሌዳዋ ወደ ኋላ ካወረደ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ቤዝ የሚወረውር መስሎ ሯጩን ቢያስደነግጥ የሚጠይቀው የለም።

ይህ ሕግ የሚዳኘው እንቅስቃሴን እንጂ ሐሳብን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሳን ፍራንሲስኮ ካንድልስቲክ ፓርክ በተደረገው የኮከቦች ጨዋታ፣ ወርዋሪው ስቱ ሚለር ለመወርወር ቀጥ ብሎ እንደቆመ ኃይለኛ ነፋስ አወዛወዘው። ማንንም ለማታለል አላሰበም፤ ባልክ ግን ተባለበት፣ ሯጮቹም አለፉ። በ1988 የአሜሪካው ከፍተኛ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ ዳኞቹ ቀጥ ብሎ የመቆሙን ግዴታ በጥብቅ እንዲያስከብሩ ሲያደርግ፣ በአንድ የውድድር ዘመን 924 ባልክ ተጠራ።

ሁሉም ለሯጩ ያደላ ይመስላል። ፍጥነት ብቻውን ግን አያዋጣም። በ1974 የኦክላንድ አትሌቲክስ ክለብ ኸርብ ዋሽንግተን የተባለ የአጭር ርቀት አትሌት ቀጠረ። ሥራው መሮጥ ብቻ ነበር፤ 105 ጨዋታ ሲገባ አንድ ጊዜ እንኳ ዱላ ይዞ ለመምታት አልቆመም። በዚያው ዓመት በሊጉ ፍጻሜ፣ በወርልድ ሲሪስ፣ ሁለተኛ ጨዋታ፣ በዘጠነኛው ዙር፣ ክለቡ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ሳለ አንደኛ ቤዝ ላይ ተተክቶ ቆመ። የተጋጣሚው የዶጀርስ ወርዋሪ ማይክ ማርሻል ድንገት ዞሮ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ፤ ኳሷ ቀደመችው። ማርሻል የጣሰው ሕግ አልነበረም።

ሶፍትቦል ደግሞ በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ በአዳራሽ፣ ተጠቅልሎ በታሰረ የቦክስ ጓንትና በመጥረጊያ እንጨት የተጀመረ የቤዝቦል ታናሽ ነው። በሴቶቹ ፈጣን ሶፍትቦል ወርዋሪዋ ጉብታ የላትም፤ 13.11 ሜትር ርቀት ላይ ቆማ፣ ክንዷን ሙሉ ክብ አዙራ ኳሷን ከዳሌዋ አጠገብ በታች በኩል ትለቃታለች። ቤዞቹ የሚራራቁት 18.29 ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ሯጯ አስቀድማ ሦስት አራት ሜትር ብትርቅ ቀላቢዋ ምንም ብትቀለጥፍ አትደርስባትም። ስለዚህ የሕጉ ገመድ ዞሮ የሯጯን እግር አሰረ። ኳሷ ከወርዋሪዋ እጅ ሳትወጣ ከቤዝ የተነሳች ሯጭ ትወጣለች፤ ውርወራውም አይቆጠርም። መስረቅ የምትችለው ከዚያ በኋላ ነው። ኳሷ ተመልሳ፣ ከመሀል እስከ ጠርዝ 2.44 ሜትር በሆነው ክብ ውስጥ ወርዋሪዋ እጅ ከገባች ደግሞ፣ ከቤዝ ውጭ ያለች ሯጭ ወዲያው ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ መወሰን አለባት፤ ቆማ ካመነታች ወጣች።

ጉዳዩ የርቀት መሆኑን የልጆች ቤዝቦል ይመሰክራል። በሊትል ሊግ፣ ቤዞቹ እንደ ሶፍትቦሉ በ18.29 ሜትር በሚራራቁበት ሜዳ፣ ሯጩ ኳሷ መቺው ጋ እስክትደርስ ድረስ ከቤዝ አይነሳም። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ የሚኖር ወላጅ በቴሌቪዥን ያየውን ቤዝቦል በልቡ ይዞ የልጁን ጨዋታ ሲያይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ሚዛኑ ሲዛባ ሕጉ ይነካል። እስከ 2022 ድረስ የሜጀር ሊግ ወርዋሪ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወደ አንደኛ ቤዝ መወርወር ይችል ነበር፤ ጨዋታው ተንዛዛ፣ ሰራቂውም ተመናመነ። በ2023 ሰዓት ተቆጠረበት፤ ሯጭ ካለ 20 ሰከንድ፣ በዓመቱ ደግሞ 18። ለአንድ መቺ ከሰሌዳዋ መውረድ ወይም ወደ ቤዝ መወርወር የሚችለው 2 ጊዜ ብቻ ሆነ፤ በሦስተኛው ሯጩን ካላስወጣ ባልክ ነው። ቤዞቹም ከ38 ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ሰፉ። በ2022 የተሰረቁት ቤዞች 2,486 ነበሩ፤ በ2023 3,503 ሆኑ። ሯጮች በአንድ ዓመት ያን ያህል አይፈጥኑም፤ የጠበቀው የወርዋሪው ገመድ ነው።