መዝገብ ቤቱን ለማያውቅ መጻፍ፦ የሰነድ አያያዝ መሣሪያዎችን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች ስለ መግለጽ

(በአትላስ አካባቢ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የታረመ)



ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ «አትላስ ስትደርሱ ደውሉ» ሳትባሉ አልቀራችሁም። አድራሻው የተሟላ አይደለም፤ ግን ይሠራል። የጎደለውን በስልክ እንሞላዋለን፤ ስልኩ ካልተነሣም ባለሱቁን እንጠይቃለን። የዛሬው ገለጻዬ ከመደወል ይልቅ የመሰለውን በር ስለሚያንኳኳ እንግዳ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት የምንለው በቋንቋ ሞዴል እየተመራ አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያከናውን ፕሮግራም ነው። ሞዴሉ ራሱ ፋይል አይከፍትም፤ ሰነድ የሚፈልግ፣ የሚያነብብ፣ የሚያዘዋውር ወይም የሚሰርዝ መሣሪያ ይጠራል። ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ በቅድሚያ የሚቀርቡለት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ስሙ፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈው መግለጫና የሚቀበላቸው ግብዓቶች። አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል»ም መሣሪያዎችን የሚያስተዋውቀው በዚሁ መልክ ነው። ከመግለጫው የቀረ ነገር ለኤጀንቱ እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ በእኛ መዝገብ ቤቶች ምን ማለት እንደ ሆነ በራሴ ገጠመኝ ላስረዳ። ከዓመታት በፊት የሟች አባቴን የአገልግሎት ማኅደር ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ያለ ማኅደሩ እናቴ የጡረታ ጥያቄ ማቅረብ አትችልም። ወጣቱ ሠራተኛ ስሙን በኮምፒውተር ፈልጎ «የለም» አለኝ። ልወጣ ስል አንዲት አንጋፋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀና ብለው፣ «እስቲ ኃይሉን በብዙኃኑ ኀ ሞክረው» አሉት። ማኅደሩ ወጣ። ሴትዮዋ በብዙ ዓመት ሥራ ያካበቱት ይህ ዕውቀት በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። በወጣቱ ወንበር ላይ ኤጀንት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ «የለም» ብሎ ሥራውን በጨረሰ ነበር።

እንግዲህ አንድ የተለመደ መግለጫ እንመልከት፦ «ሰነዶችን ያስተዳድራል።» ይህ «አትላስ ስትደርሱ ደውሉ» እንደ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከተለውን አስቡ፦ «በመዝገብ ቤቱ ያሉ የተቃኙ ደብዳቤዎችን በደብዳቤ ቁጥር ወይም በባለጉዳይ ስም ይፈልጋል። ያነብባል እንጂ አይለውጥም፣ አይሰርዝም። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የተመዘገቡትን ብቻ ይሸፍናል። ስምን በተጻፈበት ፊደል ብቻ ያመሳክራል፤ ኃይሉ ካልተገኘ ሐይሉና ሀይሉም ይሞከሩ። ውጤት አለመገኘቱ ሰነዱ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ የወረቀት መዝገቡ ይታይ።» ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ስሕተት ይከለክላል። ኤጀንቱ መግለጫዎቹን ሁሉ ስለሚያነብብ ምንም ስሕተት የማይከለክል ዓረፍተ ነገር ሲኖር ማውጣት ይገባል።

በተለይ ሦስት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ።

የመጀመሪያው ግሡ ነው። በፍርድ ቤቶቻችን «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲባል ጉዳዩ አበቃ፣ ማኅደሩም ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ ማለት ነው። በኮምፒውተር ግን ሰነድ መዝጋት መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነው። «መዝገብ ዝጋ» የተባለ መሣሪያ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያደርግ፣ የተዘጋውም ተመልሶ ሊከፈት ይችል እንደ ሆነ መግለጫው መናገር አለበት።

ሁለተኛው ቀን ነው። 15/01/2015 በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ግን ጃንዋሪ 15፣ ማለትም ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም.። በሁለቱ መካከል ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ አለ፤ የይርጋ ጊዜ በሚቆጠርበት ጉዳይ ይህ መብት ያሳጣል። አቆጣጠሩ ካልተገለጸ በጳጉሜን የተጻፈ ደብዳቤም «13ኛ ወር የለም» ተብሎ ሊጣል ይችላል።

ሦስተኛው ስም ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግብዓት ለእኛ አሻሚ ነው፤ የአባት ስም ይግባበት ወይስ የአያት? «የባለጉዳዩ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ በቅደም ተከተል» ብሎ መጻፍ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ዕቃውን ላላየ ሰው በትክክል መግለጽ በአገራችን የጥናት ታሪክ ውስጥ ታላቅ አርአያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ካታሎግ ብራናውን በዓይኑ ላላየ ተመራማሪ ያገለግላል፤ አንድ ጥራዝ ብዙ ድርሰቶችን ሲይዝ የእያንዳንዱን ቦታ በቅጠል ቁጥር ለይቶ ያሳያል። የመሣሪያ መግለጫም የሚጠይቀው ይህንኑ ትጋት ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ መግለጫ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ መዝገብ ቤቱ ወርዳችሁ አንጋፋዎቹን ሠራተኞች ጠይቁ፤ «ሰነድ ሲጠፋባችሁ ቀጥሎ የት ትፈልጋላችሁ?» በሏቸው። መልሱን ጻፉት። ከዚያም ለሥራው አዲስ ለሆነ ሰው አስነብቡትና የትኛውን መሣሪያ እንደሚመርጥ ተመልከቱ፤ እርሱ ከተሳሳተ ኤጀንቱም ሊሳሳት ይችላል። «አልተገኘም» እና «የለም» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን እኔና እናቴ በዚያ ቀን ተምረናል። መሣሪያዎቻችሁም ይህን ልዩነት ሳይነገራቸው ሥራ እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ።