የደላላው ሀብት ስልኩ ውስጥ ነው

የአትክልት ተራ ነጋዴ ከመቂ የተጫነው ቲማቲም የት እንደደረሰ፣ ሽንኩርትም ዛሬ በስንት እንደዋለ የሚሰማው በስልክ ነው። የጅምላ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር እንደታየው፣ ቦታ ሲቀየር ደንበኛን የሚያገናኘው የተመዘገበ ቁጥር ነው። የገበሬው፣ የኢሱዙ ሾፌሩና የቸርቻሪው ቁጥር ለደላላው መነሻ ካፒታል ነው።

ይህንን ካፒታል ግን ብዙዎች ሳያውቁት በነፃ ይሰጣሉ። እንደ ፌስቡክ ያሉ መተግበሪያዎች የስልክ ማውጫው እንዲከፈትላቸው ይጠይቃሉ። "እሺ" ያለ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የደንበኞቹንም ቁጥር አሳልፎ ይሰጣል።

ለመሆኑ ገጾቹን ሳይተዉ ይህንን ማስቀረት ይቻላል? ይቻላል። ቀላሉ መንገድ ፌስቡክን በራሱ መተግበሪያ ሳይሆን በብራውዘር መክፈት ነው። ለምሳሌ ፋየርፎክስ ፎከስ ተከታታይ ማስታወቂያዎችን ያግዳል፤ ሥራ ሲያበቃም የተጎበኘውን ይሰርዛል። ዋጋው በየጊዜው የይለፍ ቃል መጻፍ ነው።

ዩቲዩብ ለሚያይ ደግሞ ኒውፓይፕ አለ። የጉግል አካውንት አይጠይቅም፤ ድምፁን ብቻ ማጫወት ስለሚችል የዳታ ወጪ ይቀንሳል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ባለሙያ ሊመረምረው ይችላል። የሚገኘው በጉግል መደብር ሳይሆን በኤፍ-ድሮይድ ወይም በአዘጋጆቹ ገጽ ነው። ዩቲዩብ አሠራሩን ሲለውጥ ስለሚቆም በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ "አማራጭ" የተባለ ሁሉ አይታመንም። ጂቢ ዋትስአፕ የኩባንያው ሥራ አይደለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያይ የለም፤ ዋትስአፕም ተጠቃሚዎቹን ሊያግድ እንደሚችል አስታውቋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በተገደቡበት ጊዜ መውጫ የነበረው ቪፒኤንም ጥንቃቄ ይሻል። የተጠቃሚው ግንኙነት ሁሉ በቪፒኤኑ ባለቤት እጅ ያልፋልና፣ በነፃ የሚሰጥ ከሆነ ገቢው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቴሌግራምም ቢሆን ከጽሑፍ መልእክቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ምስጢራዊ ውይይቱ ብቻ ነው፤ ዋጋ የሚነገርበት ተራ መልእክትና ግሩፕ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል።

አዲስ መተግበሪያ ከመጫን በፊት ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ ማን ሠራው? ከየት ይወርዳል? ምን ይጠይቃል? ቪዲዮ ለማሳየት ብቻ የተሠራ መተግበሪያ የስልክ ማውጫ ከጠየቀ መከልከል ነው። ቀድሞ የተፈቀደውንም በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ "ፈቃዶች" ከሚለው ገብቶ መሰረዝ ይቻላል።

አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሕግ ግን የሚደርሰው ከጉዳት በኋላ ነው፤ ከእጅ የወጣ የደንበኛ ቁጥር እንደ ተበላሸ ቲማቲም ተመላሽ የለውም።