መራመድ ያልቻሉ አረጋውያንን ወደ በዓልና ወደ መዝናኛ ስፍራ ስለ መውሰድ

በዋግ ኽምራ ደጋ መራመድ ያልቻለ ሰው ከቤት የሚወጣው ከጥንት ጀምሮ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ነው። ሦስተኛው፥ ዊልቸር የሚባለው ባለ መንኰራኵር ወንበር፥ ወደ ቤታችን የገባው አያታችን የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ በኋላ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ወንበሩ በምን ዓይነት መሬት እንደሚሠራ፥ እንዲሁም አረጋዊ ዘመድን ለሕክምና ሳይሆን ለደስታ ይዞ ለመውጣት ምን ማሰናዳት እንደሚያስፈልግ ነው።

ሻደይ በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በሰቆጣና በአካባቢዋ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ፤ የላስታው አሸንድዬ፥ የቆቦው ሶለልና የትግራዩ አሸንዳም የዚሁ በዓል እኅቶች ናቸው። አያታችን በልጅነታቸው የተጫወቱበትን በዓል ዳግመኛ ለማየት ቢመኙ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ፈጥነን ቃሬዛ ማበጀት ጀመርን። እርሳቸው ግን «ቃሬዛ የበሽተኛና የሬሳ ነው፤ በቃሬዛ ሻደይ የሄደ ማን አለ?» ብለው እንቢ አሉ። የተሰበረው ዳሌም ኮርቻ ስለማይችል በቅሎው ቀረ። ስለዚህ በወንበሩ ለመሄድ ቈረጥን።

የወንበሩ አሠራር እንዲህ ነው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ መንኰራኵሮች ከፍታቸው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛውን ክብደት የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ትንንሾች ወንበሩ እንዲዞር ያገለግላሉ። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከነዚህ ከትንንሾቹ ነው። ነሐሴ ክረምት ነውና ትንሹ መንኰራኵር ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም ወንበሩ ድንገት ይቆማል፤ የሚገፋው ሰው ግን መግፋቱን ስለማያቋርጥ ተቀማጩ ወደ ፊት ይደፋል። እኛም ገና ከደጃችን መቶ ሜትር ሳንርቅ አያታችንን ልንጥላቸው ነበር። መፍትሔው ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ በትልልቆቹ ብቻ ማስኬድ፥ አለዚያም አዙሮ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ቁልቁለት ሲወረድም የሚገፋው ሰው ቀድሞ ወንበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይወርዳል። ይህ አካሄድ ለመሬቱ ቢስማማም ለተቀማጩ አይስማማም፤ አያታችን «የምሄድበትን ትታችሁ የመጣሁበትን ታሳዩኛላችሁ» ብለው አኰረፉ።

ከሜዳው ስንደርስ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከፊቱ ሕዝብ ሲቆም የሚያየው የሰው ወገብ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ሕዝቡን ገለል አድርገው ከፊት አስቀመጡልን፤ አያታችንም እስከ ማታ አጨበጨቡ። ውሃ ብንሰጣቸው ግን አልጠጡም። ከዋዜማው ጀምሮ አንዳች እንዳልጠጡ ያወቅነው ከቤት ከተመለስን በኋላ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ወዴት ልትወስዱኝ ኖሯል?» አሉን። ስለ መንገዱ ስንጨነቅ ስለ መጸዳጃ ቤት አንዳችን እንኳ አላሰብንም።

በጥር ወር ደግሞ ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከዓለት ተፈልፍሎ ወደ ተሠራው ወደ ውቅሮ መስቀል ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወሰድናቸው። ድንጋያማው መንገድ ሲያስቸግረን አራት ጎልማሶች ሳይጠሩ መጥተው ወንበሩን ከነአያታችን ብድግ አደረጉት። የአገራችን ሰው ደግነቱ ይህ ነው። ነገር ግን አያታችን ቆመው ሊያዩ የፈለጉትን ሁሉ እየሮጡ አሳለፏቸው፤ «እንደ እህል ጆንያ» ያሉት ያን ጊዜ ነው። በአሜሪካ፥ በ1955 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በዲዝኒላንድ፥ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሠራተኞች እንግዳ ማንሣት አይፈቀድላቸውም፥ ከወንበሩ ወደ መጫወቻው መቀመጫ የሚያሻግረው አብሮት የመጣው ዘመዱ ነው። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ የእኛው ይሻላል፤ የሚጐድለው አስቀድሞ «እማማ፥ እናንሣዎት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ፥ በ2012 ዓ.ም. እንደ ተከፈተው እንደ አንድነት ፓርክ ያሉ መናፈሻዎች ስለ ተበራከቱ፥ ባለፈው ዓመት አያታችንን ስሙን ወደማንጠቅሰው አንድ መዝናኛ ወሰድናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፥ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱ ሰዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። በመግቢያው በእርግጥ ተዳፋት ተሠርቷል። ነገር ግን ብዙ አገሮች የተቀበሉት ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ሲሆን፥ እኛ በክንድ የለካነው ተዳፋት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወጣው በ2 ሜትር ርዝመት ነው፤ በልኩ ቢሠራ ከ7 ሜትር በላይ ይሆን ነበር። ሁለት ሰው ገፍቶ አንድ ሰው ስቦ አወጣቸው። የመጸዳጃው በር ደግሞ ወንበሩን አላስገባም፤ አያታችን ግን ይህን የጠረጠሩ ይመስል ውሃ ሳይጠጡ ነበር የመጡት።

ዘንድሮ ለሻደይ አስቀድመን ያሰናዳነው ከሜዳው አጠገብ ያለ የአንድ ዘመዳችንን መጸዳጃ ቤት ነው። የወንበሩ ስፋት 65 ሳንቲ ሜትር፥ የበሩ 58 ሆኖ ስለ ተገኘ አናጢ ጠርተን መቃኑን አስነቀልን። አያታችንም ሥራውን በዓይናቸው ካላየሁ ብለው በዋዜማው ሄደው አዩት፤ በበዓሉ ዕለት ከጧት ጀምረው ሁለት ዋንጫ ጠላ ጠጡ።